በትእዛዝዎ ስላቃጠልኩት ሣር

ለተከበሩ የሣር መሬት ካርታ ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ፣
ደቡብ ዳኮታ

ክቡር ሆይ፣ ከሰማይ ሆነው መሬታችንን ለሚያዩልን ዓይኖችዎ ጤና እየተመኘሁ፣ እኔም ከነላሞቼ እስከ ትናንት ድረስ ደኅና እንደነበርኩ እገልጻለሁ። ትናንት ደብዳቤዎ ደረሰኝ። ከመንግሥት ተከራይተን ለሦስት ትውልድ ከብት ያሰማራንበትን፣ ማረሻ ነክቶት የማያውቀውን መሬት ሳተላይትዎ «ሰው የዘራው ሣር» ብሎ ስለ መዘገበውና ከማረሻ የሚጠበቀው የጥንት ሣር ብቻ ስለ ሆነ፣ ከመጪው ጸደይ ጀምሮ ለሚያርስ ተከራይ እንደሚሰጥ በትሕትና አስታውቀውኛል። ስለ ትሕትናዎ አመሰግናለሁ።

መሥሪያ ቤትዎ ቁጥር ስለሚወድ ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ አምና በመስከረም ባለሙያዎ አቶ ኮርዊን መጥተው፣ ተንበርክከው ሣሩን አንድ በአንድ ከለዩ በኋላ፣ ኬኬን ሁለት ጊዜ አስጨምረው እየበሉ «ወይዘሮ አርዲስ፣ እንዲህ ያለ የጥንት ሣር የቀረው እርስዎ ጋ ብቻ ነው። ላዩ ላይ የከረመውን ደረቅ ገለባ አንዴ ያቃጥሉለት እንጂ ከዚያ ወዲያ ማንም አይነካብዎትም» አሉኝ። የማቃጠያ ፈቃዱን የፈረሙት እርስዎ ነዎት።

፪ኛ፦ ጎረቤቴ ቨርሊን «አርዲስ፣ እነዚህ ሰዎች ይክዱሻል፣ ኋላ እንዳታለቅሺ» ሲለኝ ተቆጥቼው በሚያዝያ አቃጠልኩ። አሁን ፊቱን ማየት አፍራለሁ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ማለት ይኸው ነው።

፫ኛ፦ ገለባው የተቃጠለለት ሣር ፀሐይ ስለሚያገኝ ቀድሞ ይለመልማል፤ ይህን ላሞቼም ያውቃሉ። ሳተላይትዎ ደግሞ፣ የተዘራ ሣር ቀድሞ ስለሚለመልም፣ በግንቦት መጀመሪያ ለምልሞ ያገኘውን ሁሉ የተዘራ ነው ይላል። እንግዲህ አቃጥዪ አሉኝ፣ አቃጠልኩ፤ ቀድሞ ለመለመ፤ ቀድሞ ለምልሟልና ይታረስ አሉ። እሳቱን ያዘዛችሁት እናንተ መሆናችሁን ለካርታ ሠሪዎቻችሁ የሚነግር አንድ ሰው እንዴት ጠፋ?

፬ኛ፦ ለአቶ ኮርዊን ደወልኩ። «ካርታው አንዴ ከወጣ የኔ ቃል ምን ዋጋ አለው ብለው ነው» አሉኝ። ስልኩን ዘግቼ ማልቀሴን አልደብቅዎትም። በሳተላይቱ ግን ቅያሜ የለኝም፤ እሱ ኬኬን አልበላም።

በካርታዎ ላይ የሌለውን ሣር ዛሬም በእግሯ እየረገጠች፣ ከኮርቻ በላይ ከፍ ብላ ማየት የማትችለው ታዛዥዎ፣

አርዲስ ቶርግሰን

ማስታወሻ፦ በዘንድሮው መጽሔትዎ ሽፋን ላይ «በጥበቃችን ሥር ያለ የጥንት ሣር» ተብሎ የወጣው፣ በሚያዝያ ገና እንደ ተቃጠለ ከሰማይ ፎቶ የተነሣው ጥቁር መሬት የኔው ነው። ከታረሰም በኋላ ከላይ ሲታይ ጥቁር ስለሚሆን፣ ለመጪው ዓመት ሽፋኑን በመቀየር አይድከሙ።