የብረት ሳጥኑና ሁለቱ አንቴናዎች

ሰኞ፣ ግንቦት 3

ወለደች! ልጄ ወለደች! ያውም ሁለት!

ጠዋት አንሶላ ሳሰጣ ነበር። የልብስ መቆንጠጫው ከአፌ ሳይወጣ ስልኩ ጮኸ። አማቼ ነው። «እማዬ፣ ተቀምጠዋል?» አይ፣ ቆሜያለሁ አልኩት፣ መቆንጠጫውን እንደነከስኩ። «እንግዲያው ይቀመጡ።»

ወንድና ሴት። ወንዱ በስምንት ደቂቃ ይቀድማታል። ከወዲሁ ታላቁና ታናሿ ብለዋቸዋል። መንታ መሆናቸውን ደብቀውኝ ኖሯል! አሥራ አንድ ዓመት ጠብቀው፣ ስንቱ ከመንገድ ቀርቶባቸው... ፈርተው ነው። አልቀየምም። ዛሬ ማንንም አልቀየምም። አንሶላው ጭቃ ላይ ወድቆ እንደገና ሊታጠብ ነው፣ እሱንም አልተቀየምኩም።

በሰባት ወራቸው ነው ግን የመጡት። ታላቁ ኪሎ ከመቶ፣ ታናሿ ኪሎ ከሦስት መቶ። ሙቀት ክፍል ናቸው፣ ከእናታቸው በቀር ሰው አይገባም። እኔም የሁለት ቀን መንገድ ልሂድ ብል፣ እግሬ ውስጥ ደም ረግቶ ሐኪሙ አውቶብስ ለሦስት ወር ከልክሎኛል። ነርሷ ግን በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ለግማሽ ሰዓት በቪዲዮ መደወል ፈቅዳለች። በምን ላያቸው? የኔ ስልክ እንደሆነ ደውሎ ከመዝጋት በቀር ሙያ የለው።

የሱ ኮምፒውተር አለ። የኔ ሰው...

ባሌ ከሞተ አምስት ወሩ። ያኔ አርግዛ ነበር እኮ! እስኪጸና ብለው ዝም አሉ። «አያት ልትሆን ነው» ሳይባል ሄደ። ወደ ወንበሩ ዞሬ ነገርኩት። ሁለት ናቸው፣ ሰማህ? አልኩት።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 4

ኮምፒውተር ጠጋኙ ዘንድ ሄድኩ። ሱቁ በር ላይ «ተመልሼ እመጣለሁ» የሚል ወረቀት ለጥፎ ውስጥ ተቀምጧል። ሰው እንዳይበዛበት ነው አለኝ።

ሁሉን ዘረገፍኩለት፣ የመንታዎቹን ክብደት ሳይቀር። ባሌ ብየዳ ሠሪ ነበር፣ ኮምፒውተሩን ለበርና ለመስኮት ሥዕል እንጂ ለኢንተርኔት አገናኝቶት አያውቅም። ኢንተርኔቱ ያለው ፎቅ፣ ተከራያችን አስተማሪዋ ክፍል ነው። ገመድ ልሳብ ብል ሁለት ግድግዳ መበሳት አለበት። ለምን ትበሺያለሽ አለና ከመሳቢያው ትንሽ ካርቶን አወጣ። ገመድ አልባ ካርድ። የመዳፍ ግማሽ የምታህል አረንጓዴ ሰሌዳ፣ ከነሁለት አንቴናዋ። ይህቺ ከውስጥ ትሰካለች፣ ከአየር ላይ ትቀበላለች።

መጥተህ ግጠምልኝ ስለው፣ እስከ ቅዳሜ ጊዜ የለኝም አለ። እስከ ቅዳሜ ማን ይጠብቃል? የበር ሠሪ ሚስት ነኝ፣ ብሎን መፍታት አያቅተኝም አልኩት። ሳቀ። እንደ ተማሪ አቁሞ ቅደም ተከተሉን ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። ሶኬቱን ከግድግዳ ንቀይ። ከነቀልሽ በኋላም ማብሪያውን ተጫኚ፣ ውስጡ የቀረ ኤሌክትሪክ ይውጣ። ሰሌዳዋን ከመንካትሽ በፊት ባዶ ብረት ንኪ...

ብረት መንካትስ ስንት ዓመቴ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 5

ገጠምነው!

አስተማሪዋ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ጀመርን። ኮምፒውተሩ ሳሎን ጥግ፣ እሱ የሠራው የብረት ሳጥን ውስጥ ነው የሚኖረው። ወርክሾፑ ከቤቱ ጋር ስለተያያዘ የብረት ብናኝ ይገባል። «ኮምፒውተርም ሳንባ አለው» ይል ነበር። በር አለው፣ ቁልፍ አለው፣ ከኋላው የገመድ ቀዳዳ። ስክሪኑ ብቻ አናቱ ላይ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሳይቆለፍ የቀረበት ቀን የለም።

አውጥተን ምግብ ጠረጴዛው ላይ አጋደምነው። የጎን ሽፋኑን ፈታሁ። ውስጡ ያለው አቧራ! ሳጥኑም አላዳነውም ለካ። በቀለም ብሩሹ ጠራረግሁት። እጀታው ላይ አሁንም የጣቱ ቀለም አለ... አለፍኩት። ከኋላ በኩል ትንሿን የብረት ክዳን ነቀልኩ፣ ካርዷን ከስንጥቋ ጋር አስተካከልኩ። አስተማሪዋ ፈርታ «እትዬ፣ ቀስ ይበሉ፣ ትሰበራለች» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ቀስ ብዬ ነው ግማሽ ገብታ የቀረችው። በሁለት አውራ ጣቴ ጠበቅ አድርጌ ስጫናት «ቀጭ» አለች። ብሎኗን አጠበቅሁ። ሁለቱን አንቴናዎች ጎን ለጎን አሰርኩ። ታላቁና ታናሿ አልኳቸው።

ከዚያ ደግሞ ካርዷ እንድትሠራ ፕሮግራም ያስፈልጋታል። ፕሮግራሙ ሲዲ ላይ ነው፣ ኮምፒውተሩ የሲዲ አፍ የለውም። ኢንተርኔት ላይም ይገኛል አለች አስተማሪዋ። ኢንተርኔት ለማግኘት ኢንተርኔት! ዶሮዋ ትቅደም እንቁላሉ? በስልኳ አውርዳ በገመድ አስገባችው። ከታች ጥጉ ላይ ማራገቢያ የምትመስል ምልክት ብቅ አለች።

የይለፍ ቃልሽን ንገሪኝ ስላት አቀረቀረች። አልናገርም አለች። በመጨረሻ ራሷ ጻፈችው፣ ከትከሻዋ በላይ አነበብኩት። «ኪራይአይጨመርም»። ሳቅሁ። እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ከአምስት ወር ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

አማቼ ዘንድ ደወልን። ፊቱ ጥርት ብሎ መጣ፣ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ዳቦ እየበላ። የሕፃናቱ ሰዓት አልፏል። ነገ አሥር ሰዓት!

ሐሙስ፣ ግንቦት 6

ጠዋት። ቤቱን ጠረግሁ። ኮምፒውተሩን እየጎተትኩ ወደ ሳጥኑ መለስኩት፣ ገመዱን ሰካሁ፣ ቆለፍኩ፣ ሳጥኑን ወለወልኩ። የልጅ ልጆቼ እኔን ሲያዩ ቤቱ ተዝረክርኮ አይጠብቃቸውም። አዲሱን ቀሚስ ለበስኩ። ገና አራት ሰዓት ነው። ምን ልሥራ?

ማታ። አልሆነም።

አሥር ሰዓት ሲሆን ማራገቢያዋ የለችም። ጠቅ አደረግሁ። ኔትወርክ አልተገኘም ይለኛል። አጠፋሁ፣ አበራሁ። አስተማሪዋ ትምህርት ቤት ናት። ፎቅ ወጣሁ፣ በሯ ተቆልፏል፣ ራውተሩ ግን በርቶ በመስታወቱ ይታየኛል። ወረድኩ። እግሬን እየጎተትኩ ወደ ሰፈሩ ባለሱቅ ሮጥኩ። የሱም ስልክ እንደኔው ነው። ጎረቤት ሁለት ቤት አንኳኳሁ፣ ሰው የለም። ስመለስ አሥር ተኩል ከአምስት።

አስተማሪዋ እንደገባች አየችው። ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ።

«እትዬ... ብረት ውስጥ ቆለፉባት?»

አየሩ ብረት አይበሳም አለችኝ። ከፎቅ ሲወርድ የሚደክም ነገር፣ አራት በኩል ላሜራ ሲገጥመው... አንቴናዎቹን ከነነፍሳቸው ቀበርኳቸው። የሠላሳ ዓመት የበር ሠሪ ሚስት፣ ብረት እንደሚጋርድ ሳላውቅ!

ይሁን። ነገም ቀን ነው።

ዓርብ፣ ግንቦት 7

ታላቁ ንጋት ላይ አረፈ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 8

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም። አማቼ ሊነግረኝ አልፈለገም፣ እኔ ነኝ ያስጨነቅሁት። ሐሙስ ዕለት ታላቁ ደክሞ ነበር። ስለዚህ ነርሷ ከመሣሪያው አውጥታ ልጄ ደረት ላይ አስተኛችው። ልጄ በአንድ እጇ እሱን ይዛ፣ በሌላው ስልኩን ወደ ፊቱ አዙራ ደወለች። አያቱ ትየው ብላ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ። እጇ ሲዝል ታወርደዋለች፣ ደግሞ ታነሳዋለች።

እኔ ሳጥን ወልውዬ ነበር።

ፎቶ አለ ልላክልዎ አለኝ። አይ አልኩ። ፎቶ አያየኝም።

እሁድ፣ ግንቦት 9

ኮምፒውተሩ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ነው። አይመለስም። የፈለገው አቧራ ይግባበት።

ታናሿን አየኋት። ኮፍያዋ እንቁላል ይሸፍናል፣ ከዚያ አይበልጥም። ጣቶቿ የክብሪት እንጨት። ትንፋሿ ሲወጣና ሲገባ ሆዷ ላይ ይቆጠራል። ቆጠርኩ። ከመቶ በላይ ስደርስ ጠፋብኝ።

ከዚያ ልጄ ስልኩን ወደ ራሷ አዞረች። ከስታለች። የምለውን ሌሊቱን ሙሉ አዘጋጅቼ ነበር... አንዱም አልመጣም። እሷ ቀደመችኝ።

«እማዬ፣ ብረቱ ነው አሉኝ።»

«እኔ ነኝ» አልኳት። «እኔ ነኝ የቆለፍኩት።»

አልቀየምኩሽም አላላችኝም፣ እንዳትል ጸልዬ ነበር፣ ውሸት ይሆን ነበርና።

«እሷን ታናሿ ማለት እንዳትተዪ» አለች። «ታላቅ ነበራት።»

ሰኞ፣ ግንቦት 17

ኪሎ ከሦስት መቶ ሰባ። አንድም ክፉ ነገር ሳላነሳ ይሄን ብቻ ልጻፍ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 20

ሳጥኑን ዓይኔ ሊያየው አልቻለም። በሱ በኩል ላለማለፍ በጓሮ ነው ወጥ ቤት የምገባው። ዛሬ መነጽርን አስጠራሁት። መነጽር የኔ ሰው የሥራ ባልደረባ ነው፤ የብየዳ መነጽሩን ለቅሶ ቤትም ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ ስለሚመጣ ነው እንዲህ የምንለው። ውሰድልኝ አልኩት። ቆራርጠህ ሽጠው፣ አቅልጠው፣ ብቻ ከቤቴ ይውጣ።

ሳጥኑን ዞረው። በጉልበቱ ተንበርክኮ በጣቱ አንኳኳው። ሰው በር የሚያንኳኳ ነው የሚመስለው።

«ይሄን አልቆርጥም» አለ።

ምንህ ነው፣ ሳጥን ነው አልኩት። ተቆጥቼ ነበር።

«አንቺ፣ ይሄ እኮ ሳጥን አልነበረም።»

ከኪሱ ፒንሳ አውጥቶ የጎኑን ላሜራ አንድ ጥግ ገለጠው። ከሥሩ ክብ ብረቶች ተደርድረዋል። ጣት በጣት ተለክተው፣ ጫፋቸው ተሞርዶ፣ እጅ እንዳይወጋ ለስልሶ። በሩ ያልኩት ወደ ታች የሚወርድ ጎን ነው። እግሮቹ ጎበጥ ያሉት ለካ...

የሕፃን አልጋ።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታረግዝ ነው እሱና መነጽር የጀመሩት። ሊያስደንቃት ደብቆ፣ ከሥራ በኋላ። ሊጨርሱት ቀለም ብቻ ሲቀር ያ ነገር ሆነ፣ ፅንሱ ወረደ። መነጽር ሲነግረኝ መሬት መሬት ነበር የሚያየው።

«ጠዋት ገባና ላሜራ አልብሰው አለኝ። ለኮምፒውተር ይሁን አለኝ። ዓይኑን አላየሁትም። የብየዳ መነጽር አድርጎ ነበር... ብየዳ ግን ገና አልጀመርንም።»

አሥራ አንድ ዓመት አጠገቤ ተቀምጦ ይሄን ሲቆልፍና ሲከፍት አንድ ቀን አልነገረኝም። እኔ የማወራው ለሁለታችን ይበቃል ብሎ ነው? አንተ ሰው! ሐዘንህንም ላሜራ አለበስከው?

መነጽር አሁን ልግለጠው አለ። ይቆይ አልኩ። ኪሎዋ ይሙላ። ባዶ አልጋ ዳግመኛ እዚህ ቤት አይቆምም።

ረቡዕ፣ ሰኔ 3

ሳንባዋን ብርድ መቷታል አሉ። ዛሬ አላሳዩኝም። አሥር ሰዓት ላይ ግን ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ፣ እስከ አሥር ተኩል። ማራገቢያዋ በርታለች። ልጄ እጇ እስኪዝል ጠብቃኝ የለ? እኔም ልጠብቅ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 6

ከፈተች ዓይኗን! እኔ እያየኋት፣ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ። አንዱን ብቻ፣ አበዳሪ ሲመጣባት በበር ቀዳዳ እንደምታይ ሴትዮ። ልጄ ሳቀች። ከሳቋ ጋር ተያይዞ ሌላም ነገር መጣባት፣ ስልኩን ወደ ጣራው አዞረችው። ጣራውን አብሬያት አየሁ።

እሁድ፣ ሰኔ 28

ሁለት ኪሎ!

መነጽርን ጠራሁት። ሳይጠየቅ አሸዋ ወረቀቱን ይዞ መጣ። ላሜራውን ሲያወልቅ ከውስጥ በኩል በጠመኔ የተጻፈ ልክ ተገኘ፣ የኔ ሰው የእጅ ጽሑፍ። ልክ ብቻ ነው፣ ቁጥር ብቻ። ሌላ ነገር ጽፎ ይሆናል ብዬ ሁሉንም ገጽ አገላበጥኩ... የሱ ነገር። መነጽር ሊጠርገው ጨርቅ ሲያነሳ እጁን ያዝኩት። ያቺን ላሜራ ለኔ ተዋት።

ፎቶውንም ላክልኝ አልኩት አማቼን። የታላቁን። ስክሪኑን ሞልቶ መጣ። ከንፈሩ የአያቱ ነው። ቁርጥ የሱ ከንፈር፣ አልናገርም የሚል።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 7

ሊመጡ ነው! ሐኪሙ ለቀቃቸው። ልጄ ወደ ቤቷ አይደለም የምትሄደው፣ ወደኔ ነው። ጡት እስካስጥላት አንቺ ዘንድ ነኝ አለች። ከዚያ ወዲህ ስጠብቀው የነበረውን «አልቀየምኩሽም» ግን አላለችኝም። እኔም መጠበቁን ትቻለሁ። «እማዬ፣ ስመጣ ያዣት፣ እጄ ዝሏል» ነው ያለችኝ። ይበቃኛል።

አልጋው ነጭ ተቀብቶ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሟል። ለአንድ ይሰፋል። ኮምፒውተሩ ሽፋኑም በሩም ሳይኖረው ይሠራል፣ በየቀኑ አቧራውን እጠርግለታለሁ። አስተማሪዋ የይለፍ ቃሏን ቀይራለች። ንገሪኝ ብላት አሁንም አቀረቀረች። ኪራይ አልጨምርም ብዬ ማልኩላት፣ ሳልጠየቅ።

ታናሿን መጥተው እንዲቀበሉ ለሁሉም ተናግሬያለሁ። ለመነጽር፣ መነጽሩን አውልቆ እንዲመጣ። ለኮምፒውተር ጠጋኙ፣ በሩ ላይ የፈለገውን ለጥፎ። ለባለሱቁ፣ ለጎረቤቶቹም፣ ያን ቀን ሳንኳኳ ላልነበሩት። እሁድ፣ ሐምሌ 12፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት። ዝናብ ቢሆንም። ከሁለቱ፣ ከኔ ሰውና ከታላቁ በቀር ማንም እንዳይቀር።