እራት የተውኩ ሰሞን

ጥቅምት 4

እንደ ወትሮው ነው የዋልኩት። ንጋት ላይ የአሠሪዬን ሁለት ሴት ልጆች ትምህርት ቤት። ቀጥሎ ወንድማቸውን ናስርን ዩኒቨርሲቲ። ከዚያ እናታቸውን ማዳምን ዑለያ ሰፈር መሥሪያ ቤቷ። ተመልሼ ሐጃን ፋርማሲ። ሐጃ የአሠሪዬ የአቡ ናስር እናት ናቸው፤ ቤቱ ውስጥ ሰው እያለ ብቻቸውን የሚያመሹ። ከሰዓት ደግሞ ሁሉንም በየተራ መልቀም፣ ማታ ሞል። ቀኑን ሙሉ ስሄድ ውዬ መቶ እርምጃ አልተራመድኩም። ሾፌር እግሩ ጎማ ነው።

ፋርማሲው በር ላይ ሚዛን አለ። ሐጃ መድኃኒታቸውን እስኪወስዱ ብዬ ወጣሁበት። ዘጠና ስምንት! ጫማዬን አውልቄ ደግሜ ወጣሁ። ያው ነው። ያ ሁሉ ሩዝ የት ገባ እል ነበር...

ሚዛን ላይ ያወጣኝ ሌላ አይደለም፤ ትናንት ባለቤቴ ዓይሻ ከኮምቦልቻ የነገረችኝ ነው። የልጃችን የዘምዘም ሰርግ፣ ኒካሁ፣ ለጥር ተቆርጧል። ለኔም ሱፍ አሰፍታለች። "የድሮ ሱሪህን ወስጄ በሱ ልክ አሰፋሁልህ" አለችኝ፣ ደስ ብሏት። ምን ልበላት? በስልክ የምታየው ፊቴን ብቻ። "ጥሩ አረግሽ" አልኳት። ያ ሱሪ አሁን አንድ እግሬን ቢያስገባ ነው።

አቡ ናስር ለታኅሣሥ መጨረሻ ፈቃድ እሰጥሃለሁ ብሏል። ከፊሌ፣ በስሙ ያስመጣኝ ዋስ፣ ስለሆነ የመውጫና የመመለሻ ቪዛውን የሚያወጣልኝ እሱ ነው። አገር ካየሁ ሦስት ዓመቴ። እስከዚያ መክሳት አለብኝ። እንዴት?

ጥቅምት 6

ናስርን ስጠብቅ ስልኬ ላይ "ስፖርት ሳይሠሩ ክብደት መቀነሻ" የሚሉትን ሁሉ አየሁ። አንዱ ቁርስ አትብላ ይላል። ሁለተኛው ቁርስ ያልበላ ያብጣል ይላል። ሦስተኛዋ ሎሚ በሙቅ ውሃ። አራተኛው ሎሚ ጨጓራ ይበሳል። ማንን ልመን?

የሞሉ ማቆሚያ ውስጥ ትንሽ ዞር ዞር ልበል ብዬ ወረድኩ። ጥግ ሳልደርስ ማዳም ደወለች፤ "ያላ ሳዲቅ፣ በር ላይ ነን!" ሮጬ መኪናው ጋ ስደርስ ትንፋሼ ቆሟል። ልጆቹ ሳቁብኝ። ስፖርቱ እዚያው አበቃ።

ወሰንኩ። እራት እተዋለሁ። ያወፈረኝ እሱ ነው። ሐጃ በእጃቸው ነው የሚያወጡልኝ፤ ሩዙን ክምር አርገው፣ ሥጋውን ከላይ።

ጥቅምት 7

ሳህኑን እንዳለ መለስኩ። ፋይዛ ማድቤቱ በር ላይ ቆማ አፈጠጠችብኝ። የቤቱ ሠራተኛ ናት፣ የሐይቅ ልጅ፤ እንደ ወንድም ነው የምታየኝ።

"ምን ነካህ? አመመህ እንዴ?"

"አብሽሪ፣ ጠግቤ ነው።"

ለምን ዋሸሁ? የሙሽራ አባት ሆኜ ሸንቀጥ ልል ነው ማለት አሳፈረኝ። ነገ ታስቅብኛለች።

ጥቅምት 12

ሆዴ ሌሊቱን ሲሟገተኝ አደረ። ሚዛኑ ንቅንቅ የለም።

ጥቅምት 17

የዛሬው ግራ ይገባል። ሳህኑ ጭራሽ ተከምሮ መጣ፤ ሥጋው እጥፍ፣ ዳር ላይ ቴምር። መለስኩት። ጠዋት ሐጃን እህታቸው ቤት ሳደርስ ከኋላ ወንበር ሆነው ጥያቄ ጀመሩ።

"ሳዲቅ፣ ደሞዝህ በጊዜው ይደርስሃል?"

"አልሐምዱሊላህ፣ ይደርሰኛል።"

"ሌላ ቤት የጠራህ ሰው አለ?"

"የለም ሐጃ። ማን ይጠራኛል?"

በመስታወቱ አየኋቸው። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረዋል። ይሄ ምን ማለት ነው? እንዲህ ያለ ነገር ጠይቀውኝ አያውቁም።

ጥቅምት 21

አቡ ናስር ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ አምጣ አለኝ። "ለማሳደስ ነው" አለ። ገና አምስት ወር አለው እኮ! ሰጠሁት። ማታ ማታ የመኪናውን ቁልፍ ቤት ውስጥ እንድተውም ተነገረኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ትራሴ ሥር ነበር የሚያድረው።

የፈቃዴን ነገር ጠየቅኩት።

"ኢንሻአላህ፣ እናያለን" አለ፣ ስልኩን እያየ።

እናያለን? ባለፈው "አለቀ በለው" ብሎኝ አልነበረም? ምን አጠፋሁ? መኪናውን ዙሪያውን አየሁት፣ ጭረት የለውም። ነዳጅ? ደረሰኙ ሁሉ አለ። ናስር አንድ ቀን ሲጋራ ሲያጨስ አይቼዋለሁ፤ ሳይቀድመኝ ልቅደመው ብሎ አምቶኝ ይሆን?

ጥቅምት 24

የገባኝ መሰለኝ። ትናንት አቡ ናስር በስልክ "የቤቱ ወጪ ሰማይ ነካ" ሲል ሰማሁት። ወጪ የሆንኩባቸው እኔ ነኝ ማለት ነው። እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ምሳም አልበላም። ሸክም እንዳልሆንኩ ይዩልኝ።

ፋይዛ ምሳ ይዛ መጣች። "ኸላስ፣ ምሳም አታምጪልኝ" አልኳት። በጣም ደነገጠች። ምን ያስደነግጣታል?

ዘጠና ስድስት።

ጥቅምት 28

ለዓይሻ እውነቱን ነገርኳት። ሱፉ አይገባኝም፣ ወፍሬያለሁ አልኳት። ሳቀች ሳቀች፣ ስልኩ ከእጇ ሊወድቅ።

"አንገትህን እያየሁ ነው እኮ የምኖረው! ለልብስ ሰፊው በሁለቱም ጎን ትርፍ ጨርቅ ተው ብዬዋለሁ። ብቻ አንተ ና።"

ብቻ አንተ ና... ፈቃዱ እንደተንጠለጠለ አልነገርኳትም። ዘምዘም ከጎኗ ሆና "አባ፣ የሰርጌን የወርቅ ሰንሰለት አንተ ነህ የምትመርጠው" ትለኛለች። ወሊይዋ፣ የኒካህ ወኪሏ፣ ሆኜ ልድራት የሚገባኝ እኔ አባቷ ነኝ። ካልሄድኩ አጎቷ በኔ ቦታ ይቀመጣል።

እራቱንስ ልመለስበት ይሆን? አሁን ከተመለስኩ ደግሞ "ይሄ ምን ዓይነት ሰው ነው" ይሉኛል። ፈቃዱ እስኪለይለት እንደ ጀመርኩ ልቆይ።

ኅዳር 2

ሐጃ ሹመይሲ ሆስፒታል ቀጠሮ ነበራቸው። ማዳም ከሥራ አስፈቅዳ አብራ ሄደች፤ ፋይዛም ክንዳቸውን ይዛ። እኔ ውጭ ጠበቅኩ። ሲወጡ ማዳም ፊቷ ተለዋውጧል። መኪና ውስጥ ለአቡ ናስር ደወለች።

"በአንድ ወር ሰባት ኪሎ! ሐኪሙ ምን ተፈጠረ ይለኛል፣ ምን ልበለው? ቤት ውስጥ ማን ያያል? አንተ የለህ፣ እኔ የለሁ!"

ሐጃን ሲወርዱ አየኋቸው፤ አባያቸው ውስጥ የሉም ማለት ይቻላል። እኔ ሁለት ኪሎ ለመጣል ስሞት እሳቸው ያለ ሎሚ ያለ ምኑ... እንዴት እስከዛሬ አላየሁም? በየቀኑ በር የምከፍትላቸው እኔ አይደለሁም?

ማታ ፋይዛ ማድቤቱ በር ላይ ያዘችኝ። እያለቀሰች ነው።

"ያንተ ሥራ ነው።"

"የኔ? ምን አረግኩ?"

"ሳህንህ ባዶውን ሳይመለስ ሐጃ እራት አይበሉም። በየማታው 'ሳዲቅ በላ?' ነው የሚሉኝ። 'በላ' ስላቸው ቢስሚላህ ብለው ይጀምራሉ። አንተ ከተውክ ወዲህ ሁለት ጉርሻ ቀምሰው ያስነሳሉ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"የምትጠፋ መስሎኝ! ሁሉም የመሰላቸው እንደሱ ነው። ካንተ በፊት የነበረው ሾፌር ሁለት ሳምንት የቤቱን እህል አልቀምስም አለ፤ ከዚያ አንድ ቀን ቁልፉን በር ላይ ሰቅሎ ጠፋ። ሐጃ 'የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የቤቱን ጨው ይተዋል፤ በልቶ መክዳት ስለሚያሳፍረው' ብለው ለልጃቸው ነገሩት። ኢቃማህን ለምን የወሰዱብህ መሰለህ? ምሳም ስትተው ኸላስ፣ በቃ ሄደ አልን።"

እኔ ለሰርግ ልክሳ ብዬ... ሸክም አልሁን ብዬ... ያረቢ! ራሴን በገዛ እጄ አስጠርጥሬ፣ አሮጊት አስርቤ።

ኅዳር 3

ዛሬ ሳህኑን አስቀድሜ ጠየቅኩ። ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሐጃ ግቢው ውስጥ ምንጣፋቸው ላይ ይቀመጣሉ። ፋይዛን "የሳቸውንም አብረሽ አውጪው" አልኳትና ራቅ ብዬ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። እያዩኝ በላሁ።

"ሳዲቅ፣ መቼ ነው የምትሄደው?" አሉኝ፣ ድምፃቸው ቀጭን ሆኖ።

ሁሉንም ዘረገፍኩት። ሱፉን፣ ዘምዘምን፣ ሚዛኑን፣ ሎሚውን። መጀመሪያ አላመኑኝም። ፋይዛን አዩዋት፤ እሷም አፏን ይዛ ስትስቅ ሳቁ።

"የሙሽራ አባት ከስቶ ሊሄድ! አገርህ ሰው ምን ይለናል? ሦስት ዓመት አስርበው ላኩት አይለንም? እኛን ልታዋርድ ነው?"

ከዚያ እጃቸውን ወደ ሩዙ ሰደዱ። አንድ። ሁለት። እኔ ማኘኬን ባቆም እሳቸውም የሚያቆሙ መስሎኝ ጠግቤም በላሁ። ሲነሱ "ለፈሀድ እነግረዋለሁ" አሉኝ። ፈሀድ አቡ ናስር ነው። ልጃቸውን በስሙ የሚጠራው ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

ኅዳር 5

ኢቃማዬ ተመለሰ። ቁልፉም። ማንም ምንም አላለኝም። ይቅርታ የለ፣ ማብራሪያ የለ። እኔም አልጠየቅኩም።

እራት ደረጃው ላይ፣ ሐጃ ምንጣፉ ላይ። ስለ በረሃ ዝናብ ነገሩኝ፣ ስለ ልጅነታቸው። ሳህኑ ተጠርጎ አለቀ።

ኅዳር 9

አቡ ናስርን ኤርፖርት አደረስኩ። ለአንድ ሳምንት ዱባይ ነው። ዛሬ ከፊት ወንበር ተቀመጠ፤ ወትሮ ከኋላ ነው።

"እናቴ መብላት ጀምራለች፤ ባረከላሁ ፊክ፣ አላህ ይባርክህ" አለኝ። "ፈቃድህን ስመለስ እጨርስልሃለሁ።"

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ዝም ያለ ሰው አገሩ ይገባል። ግን ማታ ማታ የሚያስጨንቀኝ ነገር አለ፤ እኔ ስሄድ ማን ሊበላላቸው ነው? ከአፌ አመለጠኝ።

"አቡ ናስር፣ እኔ ሾፌር ነኝ። እናትህ ሳህን የሚጠብቁት ሌላ የሚጠብቁት ስላጡ ነው። ናስር ክፍሉ፣ ልጆቹ ክፍላቸው፣ አንተ ውጭ። አንድ ማታ አብረሃቸው ብላ።"

ኤርፖርቱ ስንደርስ ሻንጣውን ላወርድለት ስል ራሱ ይዞት ሄደ። ሰላምም አላለኝ።

ኅዳር 11

ለፋይዛ ነገርኳት። ጭንቅላቷን ያዘች።

"ወንድሜ፣ አብደሃል? ቪዛው እጅህ ሳይገባ? ምን አገባህ!"

እውነቷን ነው። ምን አገባኝ? ሰው እናቱን እንዴት እንደሚይዝ ሾፌሩ ሲነግረው ይወዳል? ፈራሁ። ዘምዘም ዛሬም የሰንሰለት ፎቶ ልካለች፣ ሦስት ዓይነት። "መሃከለኛው" ብዬ ጻፍኩላት። ሄጄ ላላየው...

ኅዳር 17

ጠዋት ልጆቹን አድርሼ ስመለስ መልእክት መጣ። ቪዛው ወጥቷል! ሁለት ወር ብዬ ነበር፣ አንድ ወር ነው የሰጠኝ። ይበቃል። ልጄን እድራለሁ። መኪናውን ጥግ አቁሜ ብቻዬን አለቀስኩ። እንባዬ ሳይደርቅ ዓይሻ ጋ ደወልኩ፤ "ምነው? ምን ሆንክ?" ትላለች፤ ሳላስበው አስደነገጥኳት።

አቡ ናስር ትናንት ገብቷል። ስለ ቪዛውም፣ ስለ ተናገርኩትም አንድ ቃል የለም። ተቆጥቶ ነው? አልተቆጣም? ዛሬም አልገባኝም።

ማታ ደግሞ የባሰ ግራ የሚገባ ነገር። ከመግሪብ በኋላ አንድም ሰው "ያላ ሳዲቅ" ሳይለኝ ቀረ። ሞል የለም፣ ጥናት የለም፣ ናስርም የትም አልሄደ። የአቡ ናስር መኪና ግቢ ውስጥ ቆሟል። ሐጃ ምንጣፋቸው ላይ የሉም። ክፍሌ ተቀምጬ ሳህኔን ጠበቅኩ። የዒሻ ሶላት ሰዓት አለፈ። ሳህን የለም። ወደ ማድቤቱ በር ሄድኩ። ከውስጥ የልጆቹ ጫጫታ ይሰማል፤ ደግሞ የሐጃ ሳቅ።

ፋይዛ ትሪ ተሸክማ ስትሮጥ አየችኝና ቀጥ አለች።

"ውይ ሳዲቅ! ያንተን ረሳሁት ወላሂ! ሁሉም አንድ ማዕድ ላይ ናቸው፣ አቡ ናስር ጭምር። ላይ ታች ስል..."

"ሐጃ በሉ?"

"በሉ። ጨምሩልኝ ብለው እንደገና በሉ።"

"እኔን አልጠየቁም?"

ትሪውን አየች። "አልጠየቁም" አለች ቀስ ብላ። "ቆይ አሁን ላምጣልህ።"

"ተይው። አሁን አትግቢባቸው።"

ክፍሌ ተመለስኩ። በሦስት ዓመት እራት ሳይመጣልኝ የቀረው ዛሬ ነው። ደስ ብሎኛል። ደስ ብሎኛል እንጂ... ታዲያ ይሄ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ምንድነው? ረሱኝ። እንዲረሱኝ የነገርኳቸው ደግሞ እኔው ነኝ። ለአገር ቤት ልጆች የገዛሁት ብስኩት ሻንጣ ውስጥ ነበር። አንዱን ፓኮ ከፍቼ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ፣ ቢስሚላህ አልኩ።