ዶቃ እግሯ የከዳት ሰሞን

የሺዬ፣

ከተለየሽኝ ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። ሙት ዓመትሽን ልጃችን ከባሕር ዳር መጥታ አብረን አወጣን። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ብዙም አልተለወጠም። የጓሮው አጥር ወድቆ በቆርቆሮ አስጠገንኩት። ጌሾሽ ጸድቋል፤ ቅጠሉን የሚቆርጠው ግን የለም። ሽሮ መሥራት ተምሬአለሁ፤ ብትቀምሽው ትስቂብኝ ነበር። ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ብቻውን ሲኖር ምን ይሠራል? ሬዲዮ ይሰማል፣ ከውሻ ጋር ያወራል።

የምጽፍልሽም ስለ ውሻዋ ነው። ከሐሙሲት ገበያ በዘንቢል ይዘሻት ስትመጪ “ውሻ ቤት ውስጥ አይገባም” ብዬ ሦስት ቀን ተቆጣሁ። በአራተኛው ቀን ከአልጋችን እግርጌ ተኝታ አገኘኋት። ዓይኖቿን አይተሽ ዶቃ ያልሻት አንቺ ነሽ።

መስቀል ባለፈ በሳምንቱ፣ ማክሰኞ ጠዋት ቁርሷን ይዤ ስጠራት አልመጣችም። ደግሜ ስጠራት ከማድ ቤቱ ጀርባ መሬት የሚቧጥጥ ድምፅ ሰማሁ። ብቅ ስል ዶቃ በፊት እግሮቿ ብቻ እየተሳበች ትመጣለች። የኋላ እግሮቿ እንደ እርጥብ ጨርቅ ይጎተታሉ። ሰኞ ማታ ደህና ነበረች፤ ከግንቡ ላይ ዘላ ስትወርድ በዓይኔ አይቻታለሁ። ላነሣት ስጎነበስ ጮኸችና እጄን ነከሰችኝ። በአምስት ዓመት ውስጥ ነክሳኝ አታውቅም።

ጩኸቱን ሰምታ ጎረቤታችን ወይዘሮ ዘነብች ከበር ብቅ አለች። ደሙን ስታይ ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ኋላ ሸሸች።

“መምህር፣ ይቺ ውሻ አብዳለች! እግር የሚያሽመደምደው እኮ እሱ በሽታ ነው። የልጅ ልጆቼ የሚውሉት እዚህ ግቢ ነው። ሳይመሽ አንድ ነገር ያድርጉ።”

አንድ ነገር ያለችው ምን እንደሆነ ገብቶኛል። አልፈረድኩባትም፤ እኔም ያሰብኩት እሱኑ ነበር።

የሺዬ፣ እንዲህ ያለ ጠዋት ከዚህ በፊትም በዚህ ቤት አይቻለሁ። ግራ እጅሽ ብርጭቆ አልይዝ ብሎ “ደክሞኝ ነው፣ ትንሽ ልረፍ” ስትይኝ አመንኩሽ። ፀሐይ እስክትበረታ ጠበቅኩ። ሐኪሙ “ቶሎ ብትመጡ ኖሮ” ብሎ ንግግሩን አልጨረሰውም። እኔ ግን በየቀኑ ስጨርሰው ኖሬአለሁ። ይህን ለልጃችን እንኳ ነግሬያት አላውቅም ነበር። ስለዚህ ያን ማክሰኞ አንዲት ደቂቃ አልጠበቅኩም።

እጄን በሳሙናና በውሃ ደጋግሜ ታጠብኩ። ብርድ ልብስ ጣል አድርጌባት በልብስ ማጠቢያው ሳፋ አስተኛኋትና ባጃጅ አስቆምኩ። ሹፌሩ ሳፋው ውስጥ ያለውን ሲያይ “ውሻ?” አለና ሊሄድ ፈለገ። “የባለቤቴ ናት። ባለቤቴ አርፋለች” አልኩት። ወርዶ ሳፋውን አብሮኝ ጫነ።

የእንስሳት ክሊኒኩ ግቢ በላምና በአህያ ተሞልቷል። ከጋፋት ላሙን እየነዳ የመጣ ገበሬ ሳፋዬን አይቶ ጮክ ብሎ ሳቀ። አላፈርኩም። ሐኪሟ ገና ወጣት ናት። ጓንት አጥልቃ የዶቃን አፍ በፋሻ አሰረችና የኋላ እግሯን ጣት በመቆንጠጫ ያዝ አደረገችው። ዶቃ አንገቷን አዙራ አቃሰተች።

“ይሰማታል፤ ይህ ጥሩ ነው” አለችኝ። “ከአከርካሪዋ ይመስለኛል። ስትዘል አጥንቱ መሐል ያለው ነገር ተንሸራቶ ነርቯን ተጭኖት ይሆናል። ግን ነክሳዎታለች። የእብድ ውሻ በሽታ አይደለም ብዬ ዛሬ ልምልልዎት አልችልም። ክትባት ወስዳለች?”

“አላውቅም” አልኳት። የምታስከትቢያት አንቺ ነበርሽ።

“እንግዲያው ካርዷን ይፈልጉ። እርስዎ ግን አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ሄደው ክትባት ይጀምሩ። እሷን ለብቻዋ ዘግተው ዐሥር ቀን ይጠብቋት። በሽታው ከሆነ በእነዚህ ቀናት ይለይለታል።”

መርፌ ወጋቻት፤ ምግብ ውስጥ የሚደበቅ ኪኒን ሰጠችኝ። ሆዷን ተጭኜ ሽንቷን እንዴት እንደማስወጣ አሳየችኝና ጓንት እንዳላወልቅ አስጠነቀቀችኝ።

ከጤና ጣቢያ ስመለስ ሣጥንሽን ከፈትኩ። ካረፍሽ ጀምሮ ነክቼው አላውቅም ነበር። ከበዓል ቀሚስሽ ሥር፣ ከዕድሩ ደብተር ጋር በላስቲክ አስረሽ ያስቀመጥሽው የዶቃ ካርድ ነበር። “ዶቃ፣ ሴት፣ ቡናማ” ይላል በእጅሽ ጽሕፈት። ደስታዬ አንድ መስመር እንኳ አልዘለቀም፤ የመጨረሻው ክትባት ጊዜው አልፎበታል። ካንቺ በኋላ ማስከተብ የኔ ድርሻ ነበር። አላሰብኩትም።

ዶቃን ዕቃ ቤቱ ውስጥ ለብቻዋ ዘጋኋት፤ ጠዋት ጠዋት ቁልፉን ይዤ እሄዳለሁ። መጀመሪያ ጆሮዬን በሩ ላይ እለጥፋለሁ። ጸጥ ካለች ሞታለች እላለሁ፤ ካቃሰተች ጀመራት እላለሁ። ውሃ አቀርብና ስትውጥ ጉሮሮዋን አያለሁ። በአራተኛው ቀን አልጠጣም አለች። ከአፏ ጥግ ምራቅ ተንጠባጠበ። በሩን ዘግቼ ደፉ ላይ ተቀመጥኩ፤ እጄ ላይ ያለው ቁስል የሚነዝረኝ መሰለኝ። ሐኪሟ ጋ ስደውል “ኪኒኑ መሮአት ሊሆን ይችላል። ከሰዓት በኋላ እንደገና ይሞክሩ፤ እጅዎን ግን ወደ አፏ እንዳያስጠጉ” አለችኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ጸሎት እንኳ አልመጣልኝም። “አቤቱ” ብዬ እጀምርና እዚያው ላይ እቆማለሁ። በዘጠኝ ሰዓት ሳህኑን በእንጨት ገፋ ሳደርግላት አሸተተችው። ከዚያ ጠጣች።

ዘነብች በየጠዋቱ ከአጥሩ ማዶ ሆና “እንዴት አደረች?” ትለኛለች። ልጆቹን ከቤት አላስወጣችም። በዐሥራ አንደኛው ቀን ሐኪሟ ራሷ መጥታ አየቻትና “ከዚያ በሽታ ነጻ ናት” ስትል፣ ዘነብች ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። “መምህር፣ ለልጆቹ ፈርቼ ነው” አለችኝ። ልክ እንደነበረች ነገርኳት፤ ከልቤ ነው።

የእግሯ ነገር ግን ገና ነበር። ሐኪሟ ትቆማለች ብላ ተስፋ አልሰጠችኝም። ከሣጥንሽ መቀነትሽን አወጣሁ፤ ትቆጪኝ ይሆን ብዬ ትንሽ አመነታሁ። በሆዷ ሥር አሳልፌ ወገቧን ከፍ እያደረግኩ ግቢውን እንዞራለን። እግሮቿን አሻለሁ፣ እዘረጋለሁ፣ አጥፋለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ጅራቷ ተንቀሳቀሰ። በአምስተኛው ሳምንት መቀነቱ እጄ ላይ ቀለለኝ። ዝቅ ብዬ ሳይ ራሷን ችላ ቆማለች። አምስት እርምጃ ሄዳ ወደቀች። ጮክ ብዬ ስምሽን ጠራሁ። ጎረቤት ይስማኝ አይስማኝ ግድ አልነበረኝም።

አሁን ትሄዳለች። ስትታጠፍ ወገቧ ይሸሻታል፤ ደረጃ አትወጣም። ክትባቷን ወስዳለች። እኔ ግን ዛሬም ቁርሷን ይዤ ስጠራት እስክትመጣ ድረስ ትንፋሼን እይዛለሁ።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ባለፈው እሑድ ልጃችን ስትደውል ያንን ጠዋት ነገርኳት። መጠበቄን፣ ፀሐይ እስክትበረታ ድረስ መቀመጤን። ከዚያ “አባዬ፣ እማዬ ያን ቀን ለእኔም ደውላልኝ ነበር” አለችኝ። “አንደበቷ ተይዞ ነበር። ከእንቅልፏ ገና የነቃች መስሎኝ ስልኩን ዘጋሁት።” ዓመት ከአምስት ወር ሙሉ ለየብቻ ተሸክመነው ኖርን፣ የሺዬ። ስልኩን ይዘን ሁለታችንም አለቀስን።

በሚቀጥለው ወር ትመጣለች። መቃብርሽ ላይ አብረን ቆመን፣ የሆነውን ሳንሸፋፍን እንነግርሻለን። ከእንግዲህ ስናስብሽ ደስ የሚለውን ብቻ መርጠን አናስብሽም። ሳቅሽንም፣ ቁጣሽንም፣ ያቺን ጠዋትም አንዷን ሳናስቀር እንይዝሻለን።

ያንቺው መኮንን
ደብረ ታቦር