በቁሜ ያወረስኩት ስም

እሑድ፣ ግንቦት ማለቂያ። ከባሕሩ ሞቃት ነፋስ ይነፍሳል፤ ወይራው አበባውን እያረገፈ ነው። ለልጅ ልጄ ክርስትና ቤተ ክርስቲያን የነበርነው ልጄ ፓናጎስ ከነሚስቱ፣ የሕፃኗ ክርስትና እናት አንቱላ፣ ጎረቤቴ ስታማትያ፣ ቄሱና እኔ ነን።

ለታናሽ እህቴ፣

እንዴት ከርመሻል? የፖላንድ ብርድ ጉልበትሽን ተወልሽ? ልጅሽ ጎሻስ ደኅና ናት? እኔ እንዳለሁ አለሁ፤ ድካሙ ግን ከአልጋ አብሮኝ ይነሳል።

«በሕይወት እያለሽ ስምሽን ለልጅ ልጅሽ እንዳትሰጪ» ያልሽው ደርሶኛል። የደሴታችንን ነገር መች ረሳሁት? የአያት ስም የሚወጣው አያት ካረፈች በኋላ ነው፤ በቁሟ የሰጠች ሞቷን ጠራች ይባላል። ፓናጎስም ቢያንስ እስከ ወይን ለቀማው እንቆይ ብሎ ለምኖኛል። ለእኔ ሩቅ ነው አልኩት። ሐኪም ቤት የሚያመላልሰኝ እሱ ነውና ቄሱን ሊያነጋግር ሄደ።

ስታማትያማ በር ላይ ጠብቃ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ምን አጣደፈሽ? ሞት እንደሁ ቤትሽ አይጠፋውም!» አለችኝ። የእህቴ ልጅ ጎሻ በስሜ ክርስትና ከተነሳች ስንት ዘመኗ፣ ይኸው አልሞትኩም ብላት፣ «እሱ አይቆጠርም! ስምሽን በፖላንድኛ ማውጎዛታ ብለው ሲጠሩት መልአከ ሞት ምኑ ይገባዋል?» አለች። ጎኔን እስኪያመኝ ሳቅሁ።

ከግድግዳ ቀን መቁጠሪያ የምገነጥላቸውን ወረቀቶች ታስታውሻለሽ፤ ማንበብ የለመድኩት በእነሱ ጀርባ ነው። አንዷ ስለ ስሜ ትናገራለች። ማርጋሪታ ሉል ማለት ነው፤ የእኛ የግሪኮች ነው ስንል፣ እኛም ከፋርስ በኩል ሳናገኘው አልቀረንም። ከእኛ ወጥቶ ሀንጋሪ ማርጊት፣ ፈረንሳይ ማርጌሪት፣ ስዊድን ግሬታ ሆነ። ይህን ሁሉ አገር ሲዞር አንዲትም ሴት ይዛ አላስቀረችውም። እኔስ ማን ነኝ? አንድ ጊዜ በሌላ ሰው ላይ ሲጠራ በጆሮዬ ልስማው ብዬ ነው።

ቄሱ ስሟን ሲጠይቅ አንቱላ ተንተባተበች፤ ወደ እኔ ዞረች። ራሴን ነቀነቅሁላት። «ማርጋሪታ» አለች ጮክ ብላ። ስታማትያ አማተበች። ሕፃኗን ግን አስነጠሳት።

የምትመጪ ከሆነ ለወይን ለቀማው አትበይ፤ ቀደም በይ። ጎሻንም አምጫት።

እመቤታችን ከነልጅሽ ትጠብቅሽ፤ ሰው አገር መሬቱ ይለስልስልሽ።

ሰኞ ጠዋት ነው። ቅብዐ ቅዱሱ የነካውን ፎጣ አጠብኩ፤ ውኃውን እንደ ደንቡ ባሕር ውስጥ ደፍቼ ተመለስኩ። ፎጣውን ሳሰጣ ስታማትያ ከመንገዱ «ማርጋሪታ!» ብላ ተጣራች። አቤት ልል አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ከቤት ውስጥ ሕፃኗ አለቀሰች።

ታላቅ እህትሽ