ቀጠሮ የማያስረሱት እናት፦ የመምህርት ሥርጉት ዘመንፈስቅዱስ የሕይወት ታሪክ

መምህርት ሥርጉት ከአባታቸው ከአቶ ዘመንፈስቅዱስ አለባቸውና ከእናታቸው ከወ/ሮ ውዳሴ ጥር 13 ቀን 1951 ዓ.ም. በዲላ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ለመንግሥት ሥራ ከጎንደር መጥተው እዚሁ የቀሩ ጸሐፊ ነበሩ። ትምህርታቸውን በዲላ አጠናቀው በመምህርነት ከሠለጠኑ በኋላ በ1971 ዓ.ም. ኢዲዶ ተመደቡ፤ ከዚያም ወደ ዲላ ተዛውረው በድምሩ አርባ ዓመት ሒሳብ አስተማሩ። እሳቸው ክፍል ያረፈደ ተማሪ ቆሞ ይማራል እንጂ አይቀመጥም ነበር።

በ1975 ዓ.ም. ከልብስ ሰፊው ከአቶ ደመላሽ ጋር በተክሊል ተጋብተው ነብዩንና ሩሃማን ወለዱ።

ጡረታ በወጡበት በጥር 2011 ዓ.ም. የሐሞት ከረጢታቸው በቀዶ ጥገና ወጣ። በሳምንቱ ሆዳቸው ተነፋ፤ ለካ ሐሞት ከመስመሩ እያመለጠ ሆዳቸው ውስጥ ይፈስ ነበር። እንደገና ሊቀደዱ ነው ብለን ስንጨነቅ፣ አዲስ አበባ ያሉ ሐኪሞች በቆዳቸው በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተው የተጠራቀመውን አወጡ። በአፋቸው በኩል ደግሞ በካሜራ እየተመሩ፣ ሐሞቱ መንገዱን እንዲይዝ ትንሽ የፕላስቲክ ቱቦ በሐሞት መስመራቸው ውስጥ አኖሩ። ዳግመኛ ቢላዋ አልነካቸውም። ይህን የፕላስቲክ ቱቦ ለማስወጣት ለመጋቢት 12 ተቀጠሩ።

እዚህ ላይ እውነቱን እንናገር። የአርፋጅ ጠላት የነበሩት እናታችን ቀጠሮውን ሆን ብለው አሳለፉት። የሩሃማ ሠርግ ተቃርቦ ስለነበር «የሙሽራይቱ እናት ታማለች» እንዳይባል የቀጠሮ ካርዳቸውን ቁም ሣጥን ውስጥ ደበቁ። ሕመሙም ስለለቀቃቸው የዳኑ መሰላቸው። በሚያዝያ ደግሰው፣ ጨፍረው፣ በቅልቅሉ ዕለት ትኩሳት ጣላቸው፤ ዓይናቸው ቢጫ ሆነ። ቱቦው ተደፍኖ ነበር። ወጥቶላቸው ለጥቂት ተረፉ። ሩሃማ ጫጉላዋን ያሳለፈችው ሆስፒታል፣ ከአልጋቸው አጠገብ ነው፤ እናታችን ይህን ባነሡ ቁጥር ያለቅሱ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከባንኮ ጎቲቲ እስከ ዲላ እንዲህ ያለ ቱቦ የገባለት ሰው መኖሩን ከሰሙ፣ ስልኩን አፈላልገው፣ ቀጠሮውን በደብተራቸው ጽፈው፣ እስኪሄድ ድረስ መውጫ መግቢያ ያሳጡት ነበር። የቀድሞ ተማሪያቸው ለሚ ከኢዲዶ «ቲቸር፣ ቡና ለቀማ ላይ ነኝ» ቢላቸው «አንተ ሂድ፣ እኔ እለቅምልሃለሁ» ብለው በሞተር ከች አሉ። ለቀሙለትም፤ ግማሹ ጥሬ ስለነበር ለሚ እስከ ዛሬ ይስቃል።

መምህርት ሥርጉት በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ጥቅምት 25 ቀን 2018 ዓ.ም. በ66 ዓመታቸው ዐርፈዋል። ባለቤታቸው አቶ ደመላሽ፣ ሁለቱ ልጆቻቸውና ሦስት የልጅ ልጆቻቸው እጅግ ይናፍቋቸዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበልልን፤ ለእኛም የእሳቸውን ያህል ሰው የምንወድበት ልብ ይስጠን።

እናታችን ለመጨረሻ ጊዜ የደወሉት ለኮንጋው ለአቶ ሸምሰዲን ነበር፤ የአቶ ሸምሰዲን ቱቦ የሚወጣው የፊታችን ዓርብ ነው። አቶ ሸምሰዲን ለቅሶውን ጥለው እንደማይሄዱ ነግረውናል። አቶ ሸምሰዲን፣ ስላከበሩን እናመሰግናለን፤ ግን አይሆንም። ለዓርቡ ቀጠሮ እንዲደርሱ መኪናው ነገ ከንጋቱ 11 ሰዓት ከድንኳኑ በር ወደ አዲስ አበባ ይነሣል፤ የሚነዳዎትም የሟች ልጅ ነብዩ ነው።