በስልክ የሚያማክረው ሰውዬ

ለውድ ታላቅ እህቴ፣

እትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? ደረጃ ስትወጪ ቋ የሚለው ነገር ተሻለሽ ወይስ አሁንም ለጎረቤት ይሰማል? ባለቤትሽን ሳሉ ለቀቃቸው? ልጆቹስ? እማማስ እንዴት ናቸው? እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ፤ ቁጣዬም ሙሉ ጤነኛ ነው። የምሥራች አለኝ፤ ግን እሱ ላይ ከመድረሴ በፊት ትንሽ ልናደድ ፍቀጂልኝ።

ባለፈው እሁድ ሥራ አስኪያጃችን የመሥሪያ ቤቱን ሰው በሙሉ ሲኒማ ጋበዘን። ፊልሙ አስቂኝ ነው። አንዲት ሴት ገንዘብ የት ቢውል እንደሚያተርፍ ከሁሉም በላይ ታውቃለች፤ የሚሰማት ግን የለም። ሲመራት የወንድሟን ኮት ለበሰች፣ ጢም ለጠፈች፣ ያንኑ ምክሯን ደግማ ተናገረች። ባለሀብቶቹ ከመቀመጫቸው ተነሥተው አጨበጨቡላት! ውሃ ስትጠጣ ጢሟ ብርጭቆው ላይ ተለጥፎ ሲቀርማ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሆዴን ይዤ ሳቅሁ፣ ምን ልዋሽሽ። ከጎኔ የተቀመጠው ሥራ አስኪያጅ ግን እንባውን በመሐረብ እየጠረገ፣ «እንዴት ያሉ ጅሎች ናቸው እባክሽ! ዓይን የላቸውም?» አለኝ። ለእኔ!

ታውቂያለሽ፣ ብድር ክፍል ከገባሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። በስልክ የሚጠይቀውን ደንበኛ ሁሉ የማማክረው እኔ ነኝ። ከአባባ የወረስሁት ጎርናና ድምፅ ደግሞ አለ። በስልክ «እሺ ጌታዬ፣ እርስዎ እንዳሉ» ሲለኝ የነበረ ሰው፣ በአካል መጥቶ መስኮቴ ላይ ሲቆም «እህቴ፣ እስቲ ያን በስልክ ያማከሩኝን ሰውዬ ጥሪልኝ» ይለኛል። እኔ ነኝ ስለው በትከሻዬ አሻግሮ ያያል። የክፍላችን ኃላፊ ጡረታ ከወጡ ሦስት ወር ሆናቸው። ለቦታው ሁለት ጊዜ አመለከትሁ። መልሱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «ሥራሽ ጥሩ ነው፤ ግን ደንበኛ ሴት ኃላፊ ያምናል ብለሽ ነው?»

ሰኞ ጠዋት ስብሰባ ተጠራ። እኔ እንደ ወትሮዬ ቃለ ጉባኤ ልይዝ ጥግ ላይ ተቀመጥሁ። ሥራ አስኪያጁ አንድ ዳቦ ጋጋሪ የላከውን ደብዳቤ አነበበ። «በስልክ ያማከሩኝ ሰውዬ ሁለተኛውን ምድጃ በብድር እንዳልገዛ ባይከለክሉኝ ኖሮ ዛሬ ሱቄ ተዘግቶ ነበር» ይላል። የከለከልሁት እኔ ነኝ፣ እትዬ! «የምንፈልገው ይህን ሰው ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ፤ «የትኛው ቅርንጫፍ ነው ያለው? ተፈልጎ ይምጣ፤ ቦታውን ያለ ሙከራ ይያዝ።» አምስቱም ተሰብሳቢዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። አንድም ወደ ጥጉ የዞረ የለም። ደሜ ፈላ፤ እጄ ግን መጻፉን አላቆመም። ‹ዳቦ ጋጋሪውን በስልክ ያማከረው ሠራተኛ ያለ ሙከራ የብድር ክፍል ኃላፊ እንዲሆን ተወስኗል› ብዬ ጻፍሁ፤ አነበብሁላቸው፤ አዙሬ አስፈረምኋቸው።

ከዚያ ወረቀቱን ብብቴ ሥር ይዤ ወጣሁና ከመስታወቱ ማዶ ካለው ጠረጴዛዬ ወደ ስብሰባው ክፍል ደወልሁ። ትዝ ይልሻል፣ አባባ በሌለበት ቀን በር ሲንኳኳ እኔን ከበሩ ኋላ አቁመሽ «‹ማነህ?› በይ» ትይኝ የነበረው? በዚያው ድምፅ፣ «ዳቦ ጋጋሪውን ያማከርሁት እኔ ነኝ» አልሁ። ሥራ አስኪያጁ ብድግ ብሎ ኮቱን ቆለፈልሽ! «ጌታዬ! መቼ ይመጡልናል?» «እዚሁ ነኝ። ቀና ብለህ በመስታወቱ እይ።» ቀና አለ። እጄን አውለበለብሁለት።

ከጎኔ ያለችው ገንዘብ ያዥ ትን እስኪላት ሳቀች። እሱ ፊቱ ቲማቲም መስሎ ወጣና «ይህ ቀልድ ነው?» አለኝ። «እሁድ የሳቁበት ነው» አልሁት። ፊርማውን ግን ሊውጠው አልቻለም። ከሰዓት በኋላ የሹመት ደብዳቤዬ ደረሰኝ። እልል በይልኝ! ብቻ ከሥሩ ምን ተጽፎበታል? ‹ለሦስት ወር ሙከራ።› አየሽልኝ? ማንም ዓይቶት የማያውቀው ሰውዬ ያለ ሙከራ፤ አሥራ አንድ ዓመት ዓይናቸው ሥር የተቀመጥሁት እኔ በሙከራ! ማክሰኞ ከቃለ ጉባኤው ጋር አያይዤ መለስሁላቸው፤ ‹ያለ ሙከራ› የሚለውን በቀይ አሰምሬበት። ትናንት ታርሞ መጣ።

ዛሬ ጠዋት ዳቦ ጋጋሪው ራሱ መጣ። ገና ከበሩ «ሰውዬው አሉ?» አለኝ። «ተቀመጥ» አልሁት በአባባ ድምፅ። ቁጭ አለ፤ ከዚያ ማን እንደተናገረው ግራ ቀኝ ማየት ጀመረ። «ሰውዬው የሉም፤ ኖረውም አያውቁም። ይልቅ ምድጃህ እንዴት ነው?» አልሁት።

ባለቤትሽን ሳሉን ችላ እንዳይሉት በይልኝ። ትልቋ ልጅሽን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ክፍል ውስጥ እጇን ስታወጣ መምህሩ ካላያት ቆማ ትናገር። ትንሹን ደግሞ የአክስቱን ድምፅ መኮረጁን ያቁም በይው፤ የድምፁ ባለቤት አለች። እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ «ሴት ልጅ ድምፅዋን ዝቅ ታድርግ» ይሉኝ የነበረውን ይቅር ብያቸዋለሁ።

ስትደውዪ «ማንን ፈለጉ?» ካሉሽ፣ «የብድር ክፍል ኃላፊዋን» በያቸው። ጮክ ብለሽ! ሥራ አስኪያጁ ስልኩ አጠገብ ነው የሚቀመጠው።

ታናሽሽ ጎርናናዋ
ከብድር ክፍል፣ ከኃላፊዋ ወንበር
ሐሙስ፣ ግንቦት 9 ቀን