ጠጥቻለሁ ያልኩት ውሃ

ሰኞ

ዋሸሁ። ሌላ ነገር ከመጻፌ በፊት ይህን ልጻፍ።

ዶክተሩ «አንድ ሊትር ውሃ ጠጥተሻል?» ሲለኝ በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ። አልጠጣሁም። ጾመኛ ነበርኩ። ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ ቀዳዬን፣ አምና በወር አበባ ያለፈኝን ጾም፣ ገና ከፍዬ አልጨረስኩም። ለእማ ግን ድሮ ጨርሻለሁ ብያታለሁ። ጓደኞቼን የሚያልፋቸው ስድስት ሰባት ቀን ነው። እኔን አሥራ ሦስት አለፈኝ። ደሙ ቆሞም ሕመሙ አላስነሳ ስላለኝ ነው። ይህን ለሰው መናገር አፈርኩ። ስለዚህ ምሳዬን ሱቃችን በር ላይ ለምትቆም ፍየል እየሰጠሁ በድብቅ እጾማለሁ።

ወደ ክሊኒኩ የወሰዱኝ የአባቴ እህት አዳዳ ሐዋ ናቸው። አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሁሉ እርጉዞች ነበሩ። አንዷ አየት አደረገችኝና «ስንት ወርሽ ነው?» አለችኝ። አዳዳ ኮሪደሩ እስኪሰማ «ልጃገረድ ናት፤ ሆዷን አሟት ነው» አሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ካርድ ቤት ያለችው ነርስ ውሃው ለምን እንደሚጠጣ ለአንዲት ሴት ስታስረዳ ሰምቻለሁ። የሽንት ፊኛ ሲሞላ አንጀቱን ይገፋዋል፤ ያኔ አልትራሳውንዱ ማህፀኑን ያያል። ይህን ሰምቼ ገባሁ። እያወቅኩ ነቀነቅኩ። አዳዳ አጠገቤ ቆመው ነበራ። ጾመኛ ነኝ ብል «የምን ጾም?» ሊሉ ነው።

ዶክተሩ ሆዴ ላይ ቀዝቃዛ ቅባት አፈሰሰ። «ፊኛሽ እምብዛም አልሞላም» አለ። ዝም አልኩ። ውጭ ሰልፉ ረጅም ነበር። ትንሽ አየና «የሚታይ ችግር የለም» አለ።

አዳዳ እስከ ቤት ድረስ «ማሽኑ አየ እኮ» ሲሉ መጡ።

ማክሰኞ

ተወሰነ። ቅዳሜ አዳዳ ወደ ከተማቸው፣ ወደራ፣ ሲመለሱ ይዘውኝ ይሄዳሉ። እዚያ ልብስ ይሸጣሉ፤ እኔም አብሬ ልሸጥ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ቆሞ ነው የሚዋለው። አባቴ ዕቃ ሊያመጣ ሜጋ ከተማ ሄዷል፤ በስልክ «ማሽኑ ምንም የለም ካለ ትሂድ» አለ።

አዳዳ ለእማ ሲነግሯት ከመጋረጃው ኋላ ነበርኩ።

«ቁጭ ብላ ስለምትውል ነው። ከሰባተኛ ክፍል በሆድ ቁርጠት የሚቀር አይተሽ ታውቂያለሽ? በእኛ ጊዜ ሆዱን ያመመው ከብት ያጠጣ ነበር።»

እማ ዝም አለች። እማ ዝም ስትል እሺ ማለቷ ነው።

የወር አበባዬ የሚመጣው ቅዳሜ ግድም ነው። ወደራ፣ በማላውቀው ቤት፣ በማያምነኝ ሰው ፊት። 

ረቡዕ

ለእማ ሦስት ጊዜ ልነግራት ሞከርኩ። አንዴ ደንበኛ ገባ። አንዴ አዳዳ ገቡ። አንዴ ማንም አልገባም፤ እኔው ነኝ የፈራሁት።

ከዙሁር ሶላት በኋላ የቀዳ ደብተሬን አምጥቼ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩት። እማ ማንበብ አትችልም፤ ምልክት ግን ታውቃለች። ላለፈኝ ቀን ሁሉ አንድ ነጥብ አለ። መቆም ላቃተኝ ቀን ሁለት። ከዚያ ወዲህ ያሉትንም ወሮች እንደዚያው ሳደርግ ቆይቻለሁ። በጣቷ እየነካች ወረደች። ቀስ ብላ ገጹን ገለበጠች። እዚያም ነበረ።

«ሁለት ሁለት የሆኑት ምንድን ናቸው?»

ነገርኳት። ሰኞ ጾመኛ እንደነበርኩም ነገርኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«እኔን ነው የፈራሽው?» አለች። 

አዳዳ ግን ሲሰሙ አልማሩኝም። «ጾመሽ ትዋሻለሽ? እንግዲያ ሰኞም አይቆጠርልሽ።»

እማ «ነገ ክሊኒኩ ትመለሳለች» አለች። «አንድ ጊዜ ብቻ። አሁንም የለም ካለ ቅዳሜ ይውሰዷት።»

አንድ ጊዜ ብቻ።

ሐሙስ

ዛሬ አልጾምኩም። አንድ ሊትሩን እማ እፊቴ ተቀምጣ አስጠጣችኝ። ባጃጁ ጉድጓድ በዘለለ ቁጥር ነፍሴ ልትወጣ ነበር። አዳዳም አብረው መጡ፤ «ራሴ ካላየሁ አላምንም» ብለው። ለባጃጁ ሹፌር «ቀስ በል ልጄ፣ ቦቴ ነው የጫንከው» አሉት። እማ ሳቀች። እኔ መሳቅ አልቻልኩም፤ ብስቅ ያመልጠኛል።

ያው ዶክተር ነው። እንደተኛሁ፣ ቅባቱን ሳያፈስ፣ «ሰኞ አልጠጣሁም ነበር» አልኩት። ድምፄ የወጣ አልመሰለኝም። ወጥቷል።

«ለምን ጠጣሁ አልሽ?»

ወደ አዳዳ አየሁ። እሱም አየ። አዳዳ ግድግዳውን አዩ።

«እኔም ባዶ መሆኑን አይቻለሁ» አለ። «ጠጥተሽ እንድትመጪ ልመልስሽ ይገባኝ ነበር።»

እማ ደብተሩን ሰጠችው። አነበበው። መሣሪያውን ወደ ግራ ወስዶ አቆመ። ተጫነ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ተጫነ። ስክሪኑ ላይ ክብ ግራጫ ነገር አለ።  

«የእንቁላል ማምረቻዋ ላይ የቆየ ደም የቋጠረ ነገር አለ» አለ። ከደብተሬ ጋር ሲያየው ኢንዶሜትሪዮሲስ ሳይሆን አይቀርም። ቃሉን ጽፎ ሰጠኝ። የማህፀን ውስጠኛው ሽፋን ዓይነት ነገር ከማህፀን ውጭ ይበቅላል፤ በየወሩ ያቆስላል። ትንንሾቹ በአልትራሳውንድ ላይታዩም ይችላሉ። «ምንም ባላይ ኖሮ እንኳ አያማትም ማለት አልነበረም» ብሎ እማን አያት። ለማረጋገጥ ወደ ሐዋሳ ሆስፒታል ሪፈር ጻፈልን።

አዳዳ ስክሪኑን በጣታቸው አሳዩት። «ይቺ ናት?»

«ይቺ ናት።»



ቅዳሜ

አዳዳ በጠዋቱ መኪና ብቻቸውን ሄዱ። ሲሰናበቱኝ ራሴን ነካ አድርገው ትንሽ ቆዩ።

ሕመሙ ቀኑን ጠብቆ መጣ። ያው ነው፣ አልቀነሰም። ግን «እማ፣ አመመኝ» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። እማ ሱቁን ዘግታ መጣች። ዶክተሩ ያዘዘውን ክኒን ከምግብና ከብዙ ውሃ ጋር ዋጥኩ።

ቀዳዬ አራት ቀርቷል። ሰኞ ካልተቆጠረ አምስት። የማይችል ሰው ይቆይለታል አለች እማ። ሐዋሳ ምን እንደሚሉኝ ደግሞ አላውቅም። ኦፕራሲዮን ቢያደርጉኝስ? አባቴ ማክሰኞ ይመጣል፤ ምን እንደሚል እሱንም አላውቅም።

ከሰዓት አዳዳ ደወሉ። ከኋላቸው የገበያው ጫጫታ ይሰማል።

«ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ ውሃውን ጠጣሽ?»

«ጠጥቻለሁ።»

 «እስቲ እናትሽን ስጪኝ» አሉ።

እማ ስልኩን ተቀብላ ባዶውን የውሃ ጠርሙስ እያየች «እውነቷን ነው» አለቻቸው።